ያልታጠበው የአዴ ጉዴ ሱራ

የአዴ ጉዴን ታሪክ የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። በማን እንደተናደድኩ ግን እኔም በደንብ አላውቀውም። አንዳንድ ቀን በእህቴ በለንሳ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሩሲያ ባለው ትምህርት ቤቷ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ በዝናቡ። በሴትየዋ ተናድጄ አላውቅም ብልም ውሸት ይሆናል። አራት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ቶኩማ፣ ሱራዬ መጣ?" እያሉ አበሳዬን አሳይተውኛል።

ሱራ በኦሮምኛ ፎቶ ማለት ነው። አምቦ ውስጥ አማርኛ ስንናገርም ብዙዎቻችን ሱራ ነው የምንለው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህች ቃል ነው።

አዴ በኦሮምኛ እማማ እንደ ማለት ነው፤ አዴ ጉዴ ጎረቤታችን ነበሩ። ቤታቸው ከእኛ ዝቅ ብሎ አስፋልቱ ዳር ያለው፣ በረንዳው በእንጨት የተሠራው አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ስማቸው በኦሮምኛ መልካም ስም ሆኖ ሳለ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሲሰማው "ጉዴ ፈላ" የሚለው ትዝ እያለው ፈገግ ይላል። እሳቸውም ያውቁታል፤ "የኔ ጉድማ ከፈላ ቆየ፣ አሁን እየበረደ ነው" ብለው አብረው ይስቁ ነበር። ባላቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ፤ ከባኮ በቆሎ ጭነው ሲመለሱ መኪናው ተገልብጦ ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም። የወንድማቸውን ልጅ ፌቨንን እንደ ልጃቸው አሳደጉ፤ ያሳደጓትም አንሶላ አጥበው ነው።

አንሶላው የሆቴል አንሶላ ነው። ከተማችን የፍል ውሃ ከተማ ናት፤ እንግዳ አይጠፋም፣ እንግዳ ካለ አንሶላ አለ። አዴ ጉዴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እስኪያረጁ ድረስ ከሆቴሉ መዋኛ ኋላ ባለው ሜዳ ላይ ነጭ አንሶላ ሲያሰጡ ኖሩ። ፈረንጅ ደግሞ አንሶላ የምታሰጣ ሴት ሲያይ ካሜራውን ያወጣል፤ ለምን እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ። በደርግ ጊዜ መስኮቦች፣ ሩሲያዎቹ ማለቴ ነው፣ ያነሷቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጣልያኑም፣ ጀርመኑም፣ ማን መሆኑ የማይታወቀውም አነሳቸው። ሁሉም በአስተርጓሚ የሚሉት አንድ ነው፦ "አሳጥበን እንልክልሻለን።" አንዳቸውም አልላኩም።

"ሱራዬ ያልሄደበት አገር የለም" ይሉ ነበር አዴ ጉዴ። "እኔ ግን ከባኮ አልፌ አላውቅም።"

አብልጠው የሚያነሱት አንድ ጥርሰ ወርቅ መስኮብ ነበር። ያ ሰው ሌሎቹ እንደሚያደርጉት ሲሄዱ ሲመጡ በድንገት አይደለም ያነሳቸው፤ አንሶላውን አስቀምጠው ቀጥ ብለው እንዲቆሙ በእጁ ምልክት ሰጥቶ፣ እስኪዘጋጁ ጠብቆ ነው። ስለዚህ ከሁሉም ይልቅ የተቀየሙት እሱን ነው። "አስቁሞኝ እኮ ነው!" ይላሉ። በእሳቸው ሕግ ሰውን አስቁሞ ያነሳ ሰው ሱራውን ለባለቤቱ መስጠት አለበት። ሕጉ ደግሞ ትክክል ነው፤ እኛም አገር በየገበያው የሚዞር ፎቶ አንሺ ያነሳህን አሳጥቦ ያመጣልሃል እንጂ ይዞህ አይጠፋም።

"ታዲያ ፎቶ ቤት ሄደው ለምን አይነሱም?" ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። የቀበሌ መታወቂያቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ጆሯቸው ሁለቱም እንዲታይ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተስቦ፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ የማኅተሙ ግማሽ ጉንጫቸው ላይ አርፏል።

"ፎቶ ቤት ማለት ይሄ ነው" አሉኝ። "ሱራ ማለት ሰው በቤቱ ደጃፍ በሙሉ ቁመቱ ቆሞ ሲታይ ነው። ስሞት ይሄን የማኅተም ፊት አሳድጋችሁ ድንኳን ውስጥ እንዳትሰቅሉብኝ፤ ዋቃ ያያችኋል።"

እንግዲህ ለንሳ የቤት ማፍረስ ወሬ ባልነበረበት ዓመት ብትመጣ ኖሮ ምንም ባልሆነ ነበር። የመጣችው በ2000 ዓ.ም ክረምት ነው። ሩሲያ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ አርክቴክቸር ታጠናለች። አባታችን ኦቦ ዋቅቶላ የመካነ ኢየሱስ ሽማግሌ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ልጄ መሐንዲስ ልትሆን ነው" እያለ ተናግሮ አልጠገበም። የዚያን ክረምት እናታችን ስለታመመች ለንሳ እሷን ለማየት መጣች። እግሯ እንደረገጠ ግን ከእናታችን መድኃኒት ጎን አንድ ትልቅ ጣውላ፣ አንድ ጥቅል ወፍራም ወረቀትና አንድ የቀለም ሳጥን ተደረደረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቷ በየክረምቱ ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አውጥቶ ቤትና መንገድ በውሃ ቀለም ያስላቸዋል። እሷ ግን ወደ አገሯ መሄዷ ስለሆነ መምህሯ "በአገርሽ ሠርተሽ አምጪ" አላት። አሥር ሉህ። ከፎቶ የተገለበጠ አይሆንም፤ ቦታው ላይ ተቀምጦ የተሠራ መሆን አለበት። አሥሩ ካልተሟላ፣ ወይም መምህሩ ካልወደደው፣ ወደ ሦስተኛ ዓመት አታልፍም፤ ካላለፈች ደግሞ የነፃ ትምህርቱ ያበቃል። አባቴ ይህን ሲሰማ ተደናገጠ።

"በስዕል ምክንያት መሐንዲስነት ይቀራል እንዴ?"

"ይቀራል አባባ።"

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ክረምት እረፍቴ ነው። አባቴ በእረፍቴ ጥላ ያዥ አድርጎ ሾመኝ። ለንሳ ትስላለች፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጃንጥላ እይዛለሁ። ሰው ሲያልፍ "ቲቸር፣ ምን ሆነህ ነው?" ይለኛል። ምን እላለሁ? ተማሪዎቼም ያልፋሉ።

መጀመሪያ እንጭኒ ሄድን። ገበያው ዳር ያሉትን የድሮ ሱቆች መሳል ፈለገች። ወረቀቱን ዘርግታ አንድ ሱቅ አየት፣ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ፣ ሌላ ሱቅ አየት ስታደርግ ወሬው ከኛ ቀድሞ ገበያውን ዞረ፤ ግብር ሊጨምሩ የሚቆጥሩ ሰዎች መጡ ተባለ። ሱቆቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ለንሳ የተዘጋ በር ብቻ ስላ ተመለሰች። አዲስ ዓለም ደግሞ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ለመሳል ስትቀመጥ ጥበቃው "ደብዳቤ አለሽ?" አላት። ደብዳቤ ለማግኘት ተመላልሰን፣ አግኝተን፣ በሦስተኛው ጉዞ ስንደርስ ጉም ወርዶ ዛፉም ሕንፃውም አይታይም። ጉም ለመሳል ደብዳቤ ያወጣን እኛ ብቻ እንሆናለን። ባኮ ላይ ፀሐይ አገኘንና ደስ ሲላት አንድ የበቆሎ መኪና ኩሬውን ረግጦ ጭቃውን ሉሁ ላይ ረጨው። ለንሳ አለቀሰች። እኔ ሹፌሩን የተሳደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ አባቴ ያነባል።

ዝናቡማ አይነሳ። የውሃ ቀለም ካልደረቀ ሁለተኛው ቀለም አይደረብበትም፤ በሐምሌ አምቦ ላይ ደግሞ የሚደርቅ ነገር የለም። ማታ ማታ ሉሆቹን ምድጃው አጠገብ ታሰጣቸዋለች፣ እናቴ "ቤቱ ይቃጠላል" ትላለች፣ እሷ ታነሳቸዋለች። ነሐሴ ሲጋመስ ዘጠኝ ሉህ ነበራት። ሁሉንም እያገላበጠች "የሞቱ ናቸው" አለችኝ። የሚቀረው አንድ ነው፤ ያ አንድ ካላማረ ዘጠኙም አያድኗትም።

ለዚያ ለአንዱ የመረጠችው የአዴ ጉዴን ቤት ነው።

ምርጫው አልገባኝም ነበር። ቤቱ ዘሟል፣ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ግድግዳው ድሮ የተቀባው ሰማያዊ እየተላጠ ሥሩ ያለው ነጭና ከነጩም ሥር ያለው ጭቃ ይታያል። ለንሳ ግን ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀምጣ "ቶኬ፣ እየው፣ ረግፎ እንዴት እንደሚያምር!" ትላለች። እኔ ጃንጥላዬን ይዣለሁ።

አዴ ጉዴ ብቅ አሉ። መጀመሪያ እኛን፣ ቀጥሎ የተከፈተውን የቀለም ሳጥን አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ። የዚያን ዓመት አስፋልቱ ሊሰፋ ነው የሚል ወሬ ነበር። በሌላ ከተማ የሚፈርስ ቤት በቀይ ቀለም ምልክት ይደረግበታል ተብሎ ሲወራ ስለሰነበተ፣ "ፕላን ወጣበት" ማለት ቤትህ ተቆረጠ ማለት ነበር። የለንሳ ሳጥን ውስጥ ቀይ ቀለም አለ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ፕላን ነው?" አሉ ቀስ ብለው።

"ኧረ አይደለም አዴ! ፕላን አይደለም!"

"ታዲያ ቤቴን ምን ታደርጊበታለሽ?"

ለንሳ ቃል ጠፋት። ስዕል እንዳትል፣ ለአዴ ጉዴ ስዕል ማለት ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የሚጋረድለት፣ የሚሰገድለት ነው፤ በዚያ ላይ የጴንጤ ልጅ ስዕል ልሳል ስትል ይባስ ግራ ይጋባሉ። ንድፍ ብትል ያው ፕላን ነው። ሴትየዋ ደግሞ የበሩን መቃን ይዘው መልሷን ይጠብቃሉ። ቶሎ ልታረጋጋቸው ፈልጋ ያገኘችውን ቃል አነሳች።

"ሱራ ነው አዴ። ሱራ ነው የማነሳው።"

"ሱራ?"

"ሱራ።"

"ካሜራሽ የታለ?"

"በእጄ ነው የማነሳው፤ እዚህ ወረቀት ላይ።"

አዴ ጉዴ ለንሳን ትንሽ አዩዋት። ከዚያ "ኤዬ! ቆዪኝ፣ እንዳትጀምሪ" ብለው ገቡ። ሲወጡ ሌላ ሰው ሆነዋል። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ቅቤ ተቀብቷል፣ የባላቸው ማስታወሻ የሆነውን የብር መስቀል አድርገዋል፣ እግራቸው ላይ ለገብርኤል ንግሥ ብቻ የሚወጣው ጥቁር ጫማ አለ። በሩ ላይ ቆሙ። እጃቸውን በጎንና በጎናቸው ዘረጉ፣ አገጫቸውን ቀና አደረጉ፣ መተንፈስ ራሱ ያቆሙ መሰለኝ። ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል እንደሚቆመው ቆሙ።

ለንሳ በሹክሹክታ "ንገራቸው" አለችኝ።

"ምን ብዬ? ሱራ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ራስሽ ንገሪያቸው።"

አልነገረቻቸውም። መሳል ጀመረች። አዴ ጉዴ ቆመዋል። አላፊው "አካም ጂርቱ አዴ" ሲላቸው በከንፈራቸው ጫፍ ብቻ "ፈያ" ይላሉ እንጂ አንገታቸውን አያዞሩም። ጊዜው ሄደ። በመሃል የመበጥበጫው ውሃ ደፈረሰና ከጎረቤት ኪዮስክ ውሃ እንዳመጣ ላከችኝ፤ ባለ ኪዮስኩ ያለው የአምቦ ውሃ ብቻ ነው። "አምጣው፣ ሰማዩ እየጠቆረ ነው" አለች። በአምቦ ውሃ የተበጠበጠው ሰማያዊ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ አረፋው ፈነዳ ፈነዳ እያለ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ተወ። ለንሳ ልትጮህ አፏን ከፍታ ተወችው። ግድግዳው የእውነት የተላጠ ሆኖ ነበር። የዚያን ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት።

ዝናቡ ሲወርድ ሉሁን በላስቲክ ጠቅልላ ተነሳች።

"አለቀ?" አሉ አዴ ጉዴ፣ አሁንም ሳይነቃነቁ።

"አለቀ አዴ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"ልየው።"

"አሁን አይታይም…"

"አልታጠበም?"

"አዎ" አለች እህቴ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት። "አልታጠበም።"

አዴ ጉዴ በሳቅ ፍርስ አሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ አጣቢ ነኝ እኮ! ለኔ ስጪኝ፣ አሁኑኑ አጥቤ አሰጣልሻለሁ።"

ቤት ገብተን ሉሁን ስትፈታው አየሁት። የሚያምር ነው፣ አልክድም። በረንዳው አለ፣ የዘመመው ምሰሶ አለ፣ የዛገው ቆርቆሮ አለ፣ ያ ግድግዳ አለ። በሩ ክፍት ነው፤ በሩ ውስጥ ጨለማ ነው። ሰው የለም።

"ሴትየዋስ?"

"ሰው መሳል አልችልም ቶኬ።"

"ስንት ሰዓት ሙሉ ቆመውልሽ?"

"ከሳልኳቸው ሉሁ ይበላሻል! ቤት እንጂ ሰው ገና አልተማርኩም። አሥረኛው ነው፣ ሌላ የለኝም፣ አንተ ምን አለብህ!"

ተጣላን። አባቴ ከጓዳ ሰምቶ ወጣ፤ ጉዳዩን ካስረዳነው በኋላ የተናገረው አጭር ነበር። "ሱራ ብለሽ ሰው ካስቆምሽ ሱራ ስጪ። ቃል ነው።" ከአባቴ ጋር መከራከር ስለማይቻል፣ ለአዴ ጉዴ ብቻ የሚሆን ሌላ ሉህ፣ እሳቸው የቆሙበት፣ ልትሠራ ተስማማች።

በጳጉሜን አንድ ቀን ከጠዋቱ ዝናብ ሲያባራ ወረድን። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ለንሳ ቀጥ ብላ ቆመች። ቤቱ አረንጓዴ ሆኗል። የሚያብለጨልጭ፣ የዘይት ቀለም አረንጓዴ፤ በረንዳውም፣ ምሰሶውም፣ መስኮቱም። አዴ ጉዴ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ያን ቀን 'ረግፎ' ስትይ ሰምቼሻለሁ" አሏት። "ሃፍረት ያዘኝ። መስቀልም ደርሷል፣ ለፌቨን ቀለም ግዢልኝ አልኳት። አሁን ሱራው ያምራል!"

ለንሳ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ለፊታቸው ደከመች፤ የእውነት ደከመች። ፊቱ አንዴ ድንች ሆነ፣ አንዴ የማንም ያልሆነ ሰው ሆነ፣ እጃቸው ከጉልበታቸው በታች ወረደ። ጠርጋው እንደገና ስትሞክር ነፋስ መጥቶ ጃንጥላውን ከእጄ ነጠቀው፣ ዝናቡም ተከተለ። ሮጬ ጃንጥላውን ይዤ ስመለስ ቀለሙ በሉሁ ላይ ወርዶ ከእግራችን ሥር ወደ ቦዩ ይፈስ ነበር። ለአዴ ጉዴ አልታጠበም የተባለው ሱራ፣ ይኸው አሁን ታጠበ። ለእሳቸው ግን ይህን አልነገርኳቸውም።

ለንሳ በሳምንቱ ሄደች። አዴ ጉዴ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኟት። "እዚያ አሳጥበሽ ላኪልኝ" አሏት። "እግረ መንገድሽን ያን ጥርሰ ወርቅ መስኮብ ካገኘሽው ጉዴ አምቦ ላይ እየጠበቀችህ ነው በይው።" ለንሳ አቅፋቸው አለቀሰች። ሴትየዋ ለእናቷ የምታለቅስ መስሏቸው "አይዞሽ፣ እናትሽ ትድናለች" አሏት። እናታችን እውነትም ዳነች።

ኅዳር ላይ ለንሳ ደወለች። አልፋለች። መምህሯ አሥሩንም ግድግዳ ላይ ደርድሮ ዘጠኙን በዝምታ አልፎ፣ የአምቦው ላይ ሲደርስ ቆመና "ይህን ግድግዳ እንዴት ሠራሽው?" አላት። በጋዝ ውሃ አለችው። ሌሎቹን መምህራን ጠርቶ አሳየ።

"እሰይ! እንግዲህ ሉሁን ላኪው" አልኳት።

"ወሰዱት ቶኬ" አለች።

ለካ ያ ትምህርት ቤት ደህና ሥራ ሲያገኝ አይመልስም። ማኅተም አድርጎ ያስቀረዋል፣ ለሚመጡት ተማሪዎች ይሰቅለዋል። ዘጠኙን መለሱላት፤ ማንም ያልጠየቃትን የእንጭኒን የተዘጋ በርና የአዲስ ዓለምን ጉም። አንዱን አስቀሩት። ለመነች፣ አመለከተች፣ የአንዲት ሴት አደራ ነው አለቻቸው። "ይህ ላንቺ ክብር ነው" አሏት። ክብር! መጥፎ አድርጋው ቢሆን ኖሮ ተባርራም ቢሆን ይዛው ትመጣ ነበር። እስከዛሬ ይህን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ለአዴ ጉዴ ያልኳቸው ግማሹን ነው። "ሱራው በጣም ስላማረ ትምህርት ቤቱ ሰቀለው" አልኳቸው። እሳቸው በዚህ ይናደዳሉ ብዬ ስፈራ ደረታቸውን ነፉ። በማግሥቱ ሆቴሉም፣ ገብርኤልም፣ ወፍጮ ቤቱም ሰማ፦ የጉዴ ሱራ መስኮብ አገር ትልቅ ትምህርት ቤት ተሰቅሎ ተማሪ እየተማረበት ነው። ሰው "እንዴት ሆነው ነው የተነሱት?" ሲላቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው ቆመው ያሳዩ ነበር። ቢሆንም ሕጋቸውን አልረሱም። "እሱ ለእነሱ፤ የኔስ? አንዱን ለኔ አሳጥባ አትልክም?" ከዚያ በኋላ ያለው አራት ዓመት ነው እንግዲህ፦ "ቶኩማ፣ ሱራዬ መጣ?" የአስፋልቱ ወሬም እንዲሁ ወሬ ሆኖ ቀረ። ፕላኑም አልመጣም፣ ሱራውም አልመጣም። አረንጓዴው ቀለም ብቻ እየደበዘዘ ሄደ።

ለንሳ ተመርቃ በ2004 ክረምት ጠቅልላ ገባች። ከመምጣቷ በፊት ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ሄዳ የራሷን ሥራ በካሜራ አንስታዋለች። እዚህ ፎቶ ቤት አሳጠብነው፤ በመስተዋት ፍሬም አስገባነው። ፍሬሙን ይዘን ወረድን።

አዴ ጉዴ መደብ ላይ ተኝተው አገኘናቸው። ከሥራ ወጥተዋል፣ ኩላሊታቸውን ያማቸዋል፣ ከስተዋል። ፍሬሙን ሲያዩ ተነስተው ተቀመጡ። ፌቨን መስኮቱን ከፈተችላቸው። አራቁት፣ አቀረቡት።

"ቤቴ ነው" አሉ። "ሰማያዊው! ያ የረገፈው። እየው ምሰሶው…" ጣታቸው በበረንዳው ላይ ሄደ ሄደና በሩ ላይ ቆመ። በልብስ ሳሙና የተበላ ጥፍራቸው ጨለማው ላይ አረፈ። "እዚህ ጋ ነበር የቆምኩት።"

እኔ ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥላው ሸፈነዎት ምናምን ልል። ለንሳ ቀደመችኝ።

"አዎ አዴ፣ እዚያ ነበሩ። ሰው መሳል ስላልቻልኩ ነው የተውኩዎት። አልታጠበም ያልኩዎትም ውሸት ነው። አሁን ተምሬያለሁ፤ አሁን ልሳልዎት፣ ዛሬውኑ።"

ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ዓይናቸው ከፍሬሙ አልተነሳም።

"አሁንማ ምን አለኝ ብለሽ" አሉ በመጨረሻ። "ያን ቀን ነበር ያማርኩት።"

ለንሳ አንገቷን ደፋች። እኔ መሬቱን አየሁ። አዴ ጉዴ ፍሬሙን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉትና ለፌቨን ሰጧት፤ ከመደቡ ፊት ለፊት እንድትሰቅለው አሳዩዋት።

"ሰው ሁሉ ሱራዬ መስኮብ አገር አለ ብዬ የነገርኩት ነው። አታሳፍሩኝ" አሉን። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "ማንም ቢጠይቃችሁ ውስጥ ናት በሉ። ቀሚሷን እየለበሰች ነው፣ አሁን ትወጣለች በሉ።"

ኅዳር 2005 ላይ አረፉ። ድንኳኑ ከአረንጓዴው በረንዳ ፊት ለፊት ተተከለ። ጠዋት አንድ የዕድር ሰው የቀበሌ መታወቂያውን አሳድጎ አሳጥቦ አመጣ፤ ማኅተሙ ጉንጫቸው ላይ እንዳለ ነው። ፌቨን አመስግና ተቀበለችውና ጓዳ አስገባችው። በምትኩ ፍሬሙን ከግድግዳ አውርዳ ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው፤ የሰፈሩ ሰው የሱራውን ነገር ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ከባኮ የመጡ የባላቸው ዘመዶች ገቡ። አንዱ ሽማግሌ አልቅሰው ሲያበቁ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ወደ እኛ ዞሩ።

"ይሄ ቤት ብቻ ነው። የሟች ሱራ የታለ?"

እኔ ወደ ፌቨን ዞርኩ። ለንሳ ከለቀስተኞቹ መካከል ተነሳች።

"ውስጥ ናቸው አባባ" አለች። "ቀሚሳቸውን እየለበሱ ነው።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና በሩን ጠጋ ብለው ያዩ ጀመር።